የቀኙ በር

ባለቤቴ ከመኪናዋ ውስጥ ሆና «ደረቅ ነው!» ስትል አመንኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እኔ ከውጭ በውሃ ጎማ የቀኙን በር ከላይ ወደ ታች አጠጣለሁ፤ እሷ ባትሪ ይዛ ከውስጥ ታያለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የዝናብ መጠን ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝና በእያንዳንዱ ጥግ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ አጠጥቼ ውጤቱን በደብተር እይዛለሁ።

መኪናዋን የገዛናት በተጋባን በዓመቱ ነው። ጓሮ ቆማ ዝጋ ከከረመች በኋላ ስድስት ዓመት ፈታትቼ እንደ አዲስ ሠራኋት። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፤ በዘነበ ቁጥር ከቀኙ በር ሥር ምንጣፉ ይረጥባል። የበሩን ዙሪያ ላስቲክ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ጠመኔ ቀብቼ በሩን ዘጋሁና የጠመኔው ምልክት ያላረፈበትን ቦታ ፈለግኩ። አንድም የለም፤ ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ምንጣፉ ግን ይረጥባል።

ባለቤቴ ታማ ነበር። ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ተስፋ አልሰጠንም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ በዚህች መኪና እህቷ ቤት እንድወስዳት። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

«መጀመሪያ ውሃው ይቁም» እላታለሁ።

«ጨው ነኝ እንዴ የምሟሟው?»

«እግርሽን ብርድ ቢመታውስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ የምታስታምመው እኔን ነው ወይስ በሩን?»

ያን ቅዳሜ «ደረቅ ነው» ስትለኝ፣ «በቃ፣ ነገ እንሄዳለን» አልኳት። ወዲያው እህቷ ጋ ደወለች። ሰማያዊ ሹራቧን አውጥታ ወንበር ላይ አንጠለጠለች። ከምሳ በኋላ አረፍ እንድትል ጫማዋን ላወልቅላት ጎንበስ ስል፣ የቀኝ እግሯ ካልሲ ውሃ ጠጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እግሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ምንድን ነው?»

«እርጥቡን ረግጬው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እንዳታየው ብዬ።»

ተናደድኩ። «ስድስት ዓመት የለፋሁት እንድታታልዪኝ ነው?» አልኳት። በደብተሬም «ቀኙ በር፦ አልተሳካም» ብዬ ጻፍኩ። እሷ አልተከራከረችኝም። ስልኳን አንስታ እህቷ ጋ መልሳ ደወለች። «ነገ አልመጣም እቴ» አለቻት፤ «መኪናዋ ትንሽ ችግር አለባት።» የእኔን ስም አላነሳችም።

ማክሰኞ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። አልተመለሰችም።

ከቀብሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመኪና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጣ። ሊወጣ ሲል የመኪናዋን ቀኝ በር ከፈተና ሥሩን በጣቱ ዳሰሰ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹ የት ሄዱ?»

«የምን ቀዳዳ?»

«ከበሩ ሥር ያሉት ናቸዋ! ውሃ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል በሩ ሆድ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። የሚወጣው በነሱ ነው። መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል። የትኛው ጅል ነው የደፈናቸው?»

የደፈንኳቸው እኔ ነኝ። ዝገት እንዳይገባ ብዬ፣ በካትራሜ፣ በዚያ ጥቁር ዝፍት፣ በገዛ ጣቴ እያለሰለስኩ። ቀኑ ሳይቀር ደብተሬ ላይ አለ።

ወዳጄ ከኪሱ ምስማር አውጥቶ ወጋው። የዛገ ውሃ ዷ ብሎ ወረደ። ልማድ ሆኖብኝ ጣሳ ደቀንኩና ለካሁት። ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

«አየህ ጋሼ፣ የአንድ ምስማር ሥራ…» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

እሑድ ዕለት በዝናብ ነዳሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እየዘነበ የቀኙን ምንጣፍ ጠብታ አልነካውም። እህቷ የመኪናዋን ድምፅ ሰምታ ደጃፏ ላይ ወጣች። ጃንጥላዋን እንደያዘች በቀኙ መስታወት በኩል ባዶውን ወንበር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ችግሯ ተገኘ?» አለችኝ።

«ተገኘ» አልኳት።