ሁለት ቅጽ ለአንድ ቦታ

እኔ ታከለ አድማሱ እባላለሁ። የክርስትና ስሜ ወልደ ማርያም ነው። ይህን ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የክፍል ጓደኞቼ ሬሳ በየመንገዱ ሲጣል፣ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርቴን ከአንደኛ ዓመት ጥዬ ወጣሁ። በጭልጋ አልፌ መተማ፣ ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሬ ገላባት፣ ከገላባት በሎሪ ገዳሪፍ። ቢበዛ ስድስት ወር እቆያለሁ ብዬ ነበር። ድንቄም ስድስት ወር! ፋሽጋ ሰሊጥ ሳጭድ፣ ሀዋታ ማሽላ ስቆርጥ ስምንት ዓመት አለፈኝ። የተማርኩት ሒሳብ ከጭንቅላቴ ተንጠፍጥፎ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ማታ ማታ በልቤ ቀመር እየደገምኩ የጎደለውን ሳጣው እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ፤ ምን አሳፈረኝ፣ አለቅሳለሁ!

እናቴ የሺመቤት ጭልጋ ናት። በመተማና በገላባት መካከል በርበሬ የምትነግደው እትዬ ሸጊቱ በየዓመቱ መልእክቷን ታመጣልኛለች። መልእክቱ አንድ ነው፤ «እመቤቴ ማርያም ወልደ ማርያምን ከዚያ በረሃ ካወጣችልኝ ለቤተ ክርስቲያኗ ጥላ አገባለሁ ብላለች እናትህ» ትለኛለች። እናቴ ስትጸልይ በዓለም ስሜ አትጠራኝም። እኔም «ጥላው አርጅቶ ይደርሳል በያት» እያልኩ አሾፋለሁ። ያሾፍኩበትን አፍ አሁን ብነቅለው ደስ ይለኛል።

በሰባ ስምንት መስከረም ለስደተኞች ትምህርት የሚያፈላልግ አንድ ድርጅት ገዳሪፍ ባለው መክተቡ፣ ቢሮው ማለት ነው፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ባሕር ማዶ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ፣ ለገዳሪፍ አካባቢ አንድ ቦታ። አንድ! ኮምፒውተር የሚሉትን ዕቃ እኔ በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤ ግን ውስጡ ሒሳብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሒሳብ ከሆነ ደግሞ የኔ ነው።

ቅጹን ወስጄ ሳነበው ግን ተንኮል አለው። ኮምፒውተሩ ብቻውን አይበቃም ይላል። ተማሪው ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ሌላ ሙያ ያጣምራል፤ እርሻ፣ ጤና፣ ቋንቋ ወይም የካርታ ሥራ። አንዱን ብቻ ምረጥ፣ ከሕይወትህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው በአንድ ገጽ ግለጽ ይላል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ከአህያ ሕክምና ጋር አጣምር ቢሉኝም አጣምራለሁ! የጨነቀኝ ሰዎቹ የትኛውን እንደሚወዱ አለማወቄ ነው። እርሻ ብዬ ጤና ፈልገው ቢሆንስ? ጤና ብዬ እርሻ ቢሆንስ?

እና እኛ የምናውቀውን አደረግሁ። ሰፈራችን፣ የስደተኞቹ ካምፕ ማለቴ ነው፣ ሁለት የእርዳታ ስንዴ ካርድ የሌለው ሰው የለም። አንዱ በዓለም ስም፣ አንዱ በክርስትና ስም። ዋሸን አንልም፤ ሁለቱም የራሳችን ስም ነው። ለስንዴ የሠራ ለትምህርት የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። አንዱን ቅጽ ታከለ አድማሱ ብዬ እርሻ መረጥኩ። ሌላውን ወልደ ማርያም ጓንጉል ብዬ፣ በአያቴ ስም፣ ጤና መረጥኩ። የእጅ ጽሑፌን አጋድሜ ጻፍኩት። ፎቶ በፈተናው ቀን እናነሣችኋለን ስላሉ ምንም አልፈራሁም።

ኅዳር ላይ ስም ተለጠፈ። ካመለከተው አርባ ሦስት ሰው ለቃል ፈተና ያለፉት ሁለት ናቸው። ታከለ አድማሱ። ወልደ ማርያም ጓንጉል። በሩ ላይ ቆሜ እንደ እብድ ሳቅሁ። ከራሴ ጋር ነው የምወዳደረው! ማን ያሸንፈኛል?

ሳቄ ከታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እስካነብ ድረስ ብቻ ነበር። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች በአንድ ጠዋት ይቀርባሉ፤ አንዱ ከቀረ ማወዳደር ስለማይቻል ቦታው ለከሰላ ስደተኞች ይተላለፋል። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሌላ ሰው ያስፈልገኛል። እንግሊዝኛ የሚሰማ፣ አፉን የሚጠብቅ፣ ወልደ ማርያም ነኝ ብሎ ገብቶ ወድቆ የሚወጣ ሰው። እንደዚያ ያለ ሰው የማውቀው አንድ ነው፤ ጎረቤቴ አየነው። አገር ቤት ጤና ረዳት ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሚስቱን በለጡን መንገድ ላይ ቀብሮ፣ የአራት ዓመት ልጁን ኮከብን አዝሎ መጣ። ኮከብም በዚያው ዓመት የካቲት ካምፑ ውስጥ በኩፍኝ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሥራ አይዝ፣ ሰው አያናግር። ለዚህም ቦታ አመልክት ብዬው «ስሜን ወረቀት ላይ አላሰፍርም» ብሎኝ ነበር።

«የራስህን ስም አይደለም፤ የኔን ነው» አልኩት። «ትገባለህ፤ የጠየቁህን ሁሉ አላውቅም ትላለህ፤ ትወጣለህ። በቃ። በሞቴ፣ አየነው! ካልወጣሁ እሞታለሁ።»

«አላውቅም ማለት አያቅተኝም» አለኝ።

ፈተናው ከመክተቡ ጓሮ፣ በሸምበቆ በታጠረ ዳስ ውስጥ ነበር። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዲት ኸዋጃ ሴት፣ ሸምገል ያለች ነጭ አስተማሪ፣ እና ኡስታዝ ሙዘይን የሚሉት ሱዳናዊ መምህር። መጀመሪያ እኔን ጠሩኝ። ለብሼ የገባሁት የተዋስኩትን ነጭ ሸሚዝ ነው። ኮምፒውተር ዝናብ ይለካል፣ ምርት ይተነብያል፣ እያልኩ የሸመደድኩትን አንበለበልኩት። ኡስታዝ ሙዘይን ጨርሼ እስካበቃ ጠበቀኝና «መልካም፤ ሰሊጥ ለአጨዳ መድረሱ በምን ይታወቃል?» አለኝ።

አያችሁ ይህን ጥያቄ! ስምንት ዓመት አጭጃለሁ። ከታች ያለው ፍሬ ቢጫ ሲል፣ አፉን ሳይከፍት፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ማጨድ ነው፤ ሦስት ቀን ከዘገዩ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ ባሳየው ይበቃ ነበር። ግን አፈርኩ። የቀን ሠራተኛ መሆኔን እንዳያውቁብኝ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግሁና «ኮምፒውተሩ ያሳውቀናል» አልኩ። ኡስታዝ ሙዘይን ብዕሩን አስቀመጠ። ግድ የለም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወዳቂ ነው ብዬ ወጣሁ።

አየነው ገባ። እኔ ከሸምበቆው ውጭ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ።

«ኮምፒውተርን ከጤና ጋር ለማጣመር ለምን ፈለግህ?» አለች ኸዋጃዋ።

«አላውቅም» አለ።

እሰይ የኔ ጀግና! ብዬ ጉልበቴን መታሁ።

«ጽሑፍህ ላይ ብዙ ብለሃል እኮ።»

«አላውቅም።»

ወረቀት ሲሰበሰብ ሰማሁ። አለቀ፣ ወጣሁ፣ ተገላገልኩ ስል ኡስታዝ ሙዘይን፣ ያ ደግ ሰው፣ ለማጽናናት ያህል «ልጆች አሉህ?» ብሎ ጠየቀው።

አየነው የአፉ መዝጊያ የተነቀለ ያህል ተናገረ።

«አንዲት ነበረችኝ፤ ኮከብ ትባላለች። በሥጋ አንድ ነበረች፣ በወረቀት ግን ሁለት ነበረች። የሁለት ልጅ ስንዴ እንድትሰጡኝ በሁለት ስም አስመዘገብኋት። የክትባቱ ቀን ስም እየጠራችሁ ልጁን ከካርዱ ጋር ስታመሳክሩ ፈራሁ። ሁለት ጠርተው አንድ ቢያገኙ ካርዱን ይነጥቁኛል ብዬ አልጋ ሥር ደበቅኋት። እኔ ጤና ረዳት ነኝ! ኩፍኝ ምን እንደሚያደርግ የማውቅ ሰው ነኝ! ወር ሳይሞላ በክንዴ ላይ ሞተች። አንደኛዋ ሞታለች ብዬ ካርዷን መለስኩ። ሁለተኛዋ መዝገባችሁ ላይ ዛሬም በሕይወት አለች። ስንዴ ይወጣላታል። የምበላው እሱን ነው።»

እኔም ጎረቤቱ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

«ኮምፒውተር ብታመጡ ሁለቱን ስም ያጋጥምና ሌባ ነህ ይለኛል» አለ አየነው። «መስረቄንማ እኔም አውቃለሁ። ስሙን የሚደብቅ ሰው ልጁንም እንደሚደብቅ ግን ማሽን አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው ካልሠራው መዝገቡ ልጅ ይገድላል።»

«አንተ ብትሆን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አለች ኸዋጃዋ። ድምጿ ተለውጧል።

«ስንዴውንና ክትባቱን በአንድ መዝገብ አላደርግም። ልጅ ለመከተብ ካርድ አልጠይቅም። መጥቶ ይከተባል፤ ስሙን የፈለገ ጊዜ ይናገር።»

ሸምበቆውን ይዤ ቆምኩ። መሸነፌ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ሁለት ሙያ አጣምሬ የጻፍኩት ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ይህ ሰው ሬሳ ላይ አጣምሮታል። ወዲያው ፎቶ አንሺው ጠራውና ፊቱን አነሣው፤ ከሥሩ ወልደ ማርያም ጓንጉል ብለው ጻፉ። ስሜ ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ብጮህ ግን ሁለታችንንም ያባርሩናል፣ ቦታው ከሰላ ይሄዳል። አፌን መልሼ ገጠምኩት።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ተለጠፈ። ወልደ ማርያም ጓንጉል።

ጎጆው ሄጄ አንገቱን አነቅሁት። «ምን ብዬህ ነበር?»

«አላውቅም በል አልከኝ፤ አልኩ። ከዚያ ስለ ኮከብ ጠየቁኝ።»

«ስለ ኮከብም አላውቅም አትልም ነበር?»

ይህን ከአፌ ያወጣሁበትን ቀን እግዜር ይቅር ይበለኝ። አየነው አልተቆጣም። ተነሥቶ ነጠላውን ደረበና «ልክ ነህ፤ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ይሄዳል እንጂ አይቀልድም። ተንደርድሬ ነጠላውን ያዝኩት። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ለማላውቀው የከሰላ ሰው ከሚደርስ፣ ቢያንስ ስሜ ይሂድ ብዬ ነው። «ባሕር ማዶ ሂድ» አልኩት። «ሂድልኝ፣ ዓይንህን አልይ!» አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። በጥምቀት ሰሞን የካርቱም ሎሪ ላይ ስሜን ይዞ ወጣ። የራሱን የስንዴ ካርድ ለኔ ተወልኝ።

የእትዬ ሸጊቱ መምጣት ነው የገደለኝ። ሚያዝያ ላይ ነው፤ በርበሬዋን ገላባት አራግፋ የእናቴን ደስታ ለጎረቤቶቼ ልታበስር ገዳሪፍ ድረስ እየሮጠች መጣች ብላችሁ ይቀለኛል። ገና ከሩቅ እልልታዋን አቀለጠችው። ስታየኝ ግን ቀጥ አለች።

«ታከለ? አልሄድክም እንዴ?»

«የት ልሂድ እትዬ?»

«ገላባት ላይ ነገሩን እኮ! ወልደ ማርያም ጓንጉል ባሕር ማዶ ለትምህርት ሄደ አሉን። የአያትህን ስም አውቀው የለ? ለእናትህ ነገርኳት። ተንበርክካ መሬት ሳመች። ያላትን አንዲት ጊደር ሸጣ ለማርያም ጥላዋን አስገባች። ልብሷን ቀይራ፣ ሰው ጠርታ፣ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ጨፈረላት። አሁን መቼ ይሄዳል ልበላት?»

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከየት እጀምራለሁ? ጊደሯ ተሽጣለች፣ ጥላው ገብቷል። እናቴ ስምንት ዓመት ወልደ ማርያምን አውጪልኝ ብላ ለመነች፤ ወልደ ማርያም ወጣ። የለመነችውን አግኝታለች።

«ሄዷል በያት» አልኩ።

«አንተስ?»

«እኔን አላየሽኝም» አልኳት። ክረምቱ ሲወጣ ለዘጠነኛ ጊዜ ሰሊጥ ላጭድ ፋሽጋ ወረድኩ፤ ስም መዝጋቢው ማን ልበል ሲለኝ አየነው አልኩት።