ሽማግሌ የማይመልሰው ጉዞ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለው አፓርትመንቴ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ፣ እኔና ጓደኛዬ ኣስካለ የስኮትላንድን ካርታ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ስለ ንጋት እንከራከር ነበር። እኔ ፀሐይ ስትወጣ ካሜራዬን ይዤ ከአንዲት ትንሽ ሎክ ዳር መገኘት እፈልጋለሁ። ሎክ የሚሉት የአገሩ ሰዎች ሐይቃቸውን ነው። ኣስካለ ደግሞ ጉልበቷ በጨለማ ድንጋይ ለድንጋይ መዝለልን እንደማይወድ ታስታውሰኛለች። ሁለታችንም አሸናፊ ሳይለይ ክርክሩን ያራዘምነው ደስ ስላለን ነው። ለመነሳት አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል።

ይህ ጉዞ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞቷል። በመጀመሪያ የምናውቃት የምንትዋብን ሰርግ ፎቶ ላነሳ ብዬ ሰረዝኩት፤ ሙሽሮቹ አልበሙ ታትሞ ሳይደርሳቸው ተፋቱ። በሁለተኛው ለአንድ ጎረቤታችን አርባ ቀረሁ፤ የሟቹን ፎቶግራፎች ሰብስቦ የሚያሰናዳ ሌላ ሰው የለም ተብዬ። ሦስተኛ ግን አይኖርም። ኣስካለ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በኅዳር ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ከዚያ ወዲያ ዳገት የሚባል ነገር እንዳታስብ ሐኪሟ አስጠንቅቋታል። እኔም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለምነዳ፣ የዓመቱ ረጅም እረፍትም በሰርግ ፎቶ ስለሚያልቅብኝ፣ የራሴ የምለው ሳምንት ተማሪዎቹ በጥቅምት መግቢያ የሚያርፉበት ብቻ ነው። ከኣስካለ ጋር የምሄደው ወይ በዚህ ጥቅምት ነው፣ ወይ መቼም አይደለም።

በሩን ስከፍት ከፊት የቆሙት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ። ከኋላቸው ከቶርንተን የመጡት አቶ ምናሉ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ከሞንትቤሎ የመጡት ጋሽ ብርሃነመስቀል፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ በወጣትነታቸው አውራ ጎዳና ቀያሽ የነበሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ሦስቱም ከረባት አስረዋል። የመጡበትን ለማወቅ ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«መቀመጡስ ይደርሳል» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ሶፋውን እንደ ፈተና እየሸሹት።

የሽምግልና ደንብ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ከተቀመጠ ወይ ረትቷል ወይ ትቷል። ባለቤቱ ደግሞ ሽበት በቤቱ መሐል ቆሞ ሲያይ ኅሊናው ይቆስላል፤ ከዐሥሩ ዘጠኙ እሺ የሚለው አምኖ ሳይሆን አፍሮ ነው። ከጭቅጭቅ የጸዳ፣ ደም የማይፈስበት፣ ግን ምሕረት የለሽ መሣሪያ ነው።

«እታለም ናት የላከችን» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

ይህን ስም ሲጠሩ ቀላሉን መንገድ መምረጣቸው ነበር። ዴንቨር በገባሁበት ክረምት እታለም የቤቷን ምድር ቤት ለቃልኝ ስምንት ወር አኑራኛለች። አሁን የአንድ ልጇ የሊዲያ ሰርግ በጉዟችን እኩሌታ ላይ ወድቋል፤ አዳራሹ ሌላ ቅዳሜ የለውም። እንደማልገኝ በስልክ ስነግራት «ይሁን» ብላ ነበር። ይሁንታዋ በሦስት ከረባት ታስሮ ተመለሰ።

«ካሜራ የያዘ ወንድ ሞልቷል» ቀጠሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፤ «ሙሽራ ስትለብስ መኝታ ቤት ገብታ የምታነሳ ሴት ግን ካንቺ በቀር የለችንም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የኛ ዓይን አንቺ ነሽ። ልጅቷንስ ክርስትና ስትነሳ ያነሳሻት አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ተራራው የት ይሄድብሻል? ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ እዚያው ነው።»

«ተራራው አይሄድም። እኛ ነን የምንሄደው።»

አቶ ምናሉ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። በስተምዕራብ፣ ከዴንቨር ሕንፃዎች ባሻገር፣ የሮኪ ተራሮች አናታቸው ላይ ቀጭን በረዶ ይዘው ተደርድረዋል።

«እኔን ያልገባኝ» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ተራራ ከሆነ ከመስኮትሽ ሞልቶልሽ የለ እንዴ? ሐይቅም ካሰኘሽ አውሮራ ሪዘርቯር አለልሽ። ፓርክ አድርገሽ ከመኪና ሳትወርጂ ይነሳልሻል!»

«አቶ ምናሉ» አለች ኣስካለ ቀና ሳትል፤ ካርታው ላይ በመነጽሯ እያፈጠጠች፣ «እርስዎስ ኮሎራዶ ሴት ጠፍቶ ነው ሚስት ፍለጋ ጎንደር ድረስ የሄዱት?»

አቶ ምናሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። የእድሩ ሰብሳቢ በዓይናቸው ገሠጿቸውና ወደ ኣስካለ ዞሩ።

«ሽማግሌ ቆሞ እርስዎም እንኳ መቀመጥዎ…»

«ጉልበቴ ነው የተቀመጠው፤ እኔ ቆሜያለሁ» አለች። ኣስካለ በልጅነቷ አስመራ በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ታጥብ ነበር፤ አማርኛዋንም የተማረችው እዚያው አስመራ ትምህርት ቤት ነው። የሰው ምላስ ከመቁረጧ በፊት ስለት የምትመርጥ ይመስለኛል።

ለምን ስኮትላንድ እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ነገርኳቸው፤ ልመና አልነበረም፣ እወቁት ብዬ ነው። ደሴ ጂኦግራፊ በማስተምርበት ዘመን፣ የበረዶ ግግር ሸለቆን እንዴት እንደሚቦረቡር፣ ሲቀልጥም ሐይቅ ትቶ እንደሚሄድ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት በጠመኔ እየሳልኩ አስረድቻለሁ። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት የደበዘዘች የሎክ ሥዕል ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጥጓ ላይ የማተሚያ ቀለም የተደፋባት። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ «መምህርት፣ ውሃው ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላቅማማ «ሰማያዊ» አልኳት። እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከብዙ ዓመታት በኋላ እዚህ አገር በአንድ ቤተ መጻሕፍት ሳነብ፣ የዚያ አገር ውሃ በረግረግ አፈር ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ጠይም፣ አንዳንዴም እንደ ጠላ ጥቁር መሆኑን አወቅኩ። ያላየሁትን ነገር በእርግጠኝነት አስተምሬያለሁ።

«እና ለአንድ ቀለም ነው?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።

«ለአንድ ቀለም ነው። ሃያ አራት ዓመት ‹ሆዴን አጥፊልኝ፣ አገጬን አሳንሺልኝ፣ ያንን የባሌን እኅት ከጥጉ ቁረጪልኝ› ተብዬ ሁሉንም እሺ ብያለሁ። አሁን እንዲህ አድርጊኝ ከማይለኝ ነገር ፊት መቆም እፈልጋለሁ። ተራራ አገጭ የለውም፣ ጋሼ።»

አቶ ምናሉ እንደገና ሊስቁ ሲሉ ተዉት።

«እንግዲህ እሺ እስክትይ አንቀመጥም» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም» አልኩና ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ገፋሁት። «በረራችን ዐሥራ አንድ ቀን አለው። አብረን እንቆማለን።»

ቆምን። ማቀዝቀዣው ተነሥቶ አጉረመረመ፣ ጸጥ አለ፣ እንደገና ተነሣ። ኣስካለ በእርሳሷ ስኮትላንድ የምንሳፈርባቸውን ጀልባዎች መነሻ ሰዓት ትገለብጣለች። አንድ ጊዜ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ስለ ትዕግሥት ተናገሩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አቶ ምናሉ «ቲኬቱ ሪፈንድ አለው?» ብለው ጠየቁ፤ የለውም አልኳቸው። እኔ ግን የማየው የጋሽ ብርሃነመስቀልን እግር ነበር። የግራ ጉልበታቸው በሱሪያቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እናቴ ይህን ብታይ ከመቃብር ተነሥታ ትረግመኝ ነበር። ‹እሺ› የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ሁለት ጊዜ እንዳወጣሁት ሁሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጣ። ሽማግሌውን ያቆማቸው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ይዟቸው የመጣው ሰው? ቃሉን መልሼ ዋጥኩት።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ከገቡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። አሁን አንገታቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰገግ አድርገው፣

«ኮንቱሩ በስንት በስንት ሜትር ነው?» አሉ።

«በዐሥር፣ አባቴ» አለች ኣስካለ። ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘው ቀጭን መስመር ነው፤ መስመሮቹ ሲጣበቁ ገደል ማለት ነው።

«የት ላይ ነው ቆማችሁ የምታነሱት?»

ኣስካለ በእርሳሱ ጫፍ አሳየቻቸው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ከዚያም የገፋሁትን ወንበር በዝግታ ስበው ተቀመጡ።

«ጋሼ!» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «ተቀመጡኮ!»

«አውቃለሁ።»

«እሺ አላለችም እኮ!»

«ጆሮዬ ደኅና ነው፣ ሀብተጊዮርጊስ። እምቢ ስትል ነው የሰማሁት፤ በደንብ ነው የሰማሁት። ባሌ ዳገት ላይ መንገድ ስቀይስ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ ያየሁት ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ችካል ነበር የምቆጥረው።» እርሳሱን ከኣስካለ እጅ ወሰዱ። «አሁን ይሄ፣ ልጄ፣ ስሕተት ነው።»

«የቱ?» አልኩ።

«ከሎኩ በስተደቡብ ያለውን ገደል እዪው፤ መስመሮቹ እንደ ፀጉር ተጣብቀዋል። በጥቅምት የዚያ አገር ፀሐይ ዝቅ ብላ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው። እዚህ ዳር በንጋት ብትቆሙ እስከ እኩለ ቀን ጥላ ውስጥ ናችሁ። ወደዚህኛው ሎክ ውረዱ፤ ምሥራቁ ክፍት ነው። ለጉልበቷም ይሻላል፣ መንገዱ ሜዳ ነው።»

ኣስካለ በድል አድራጊነት አየችኝ። አቶ ምናሉ ከረባታቸውን አላሉና ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ፤ «ከመሸነፍ ቁርጥማቱ ይብሳል» እያሉ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ውሃ አቀረብኩላቸው፤ አልተቀበሉኝም። ሲወጡ በሩ ላይ «የሠራሽውን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ ስልኬን አንሥቼ እታለም ጋ ደወልኩ። ኣስካለ «ተዪ፣ ይነግሯት የለ» አለችኝ። ግን እምቢታን በሽማግሌ እግር መላክ አልፈለግኩም።

«ተቀመጡ አይደል?» አለች እታለም ገና ስታነሳው።

«ተቀመጡ። እኔ ግን በአፌ ልንገርሽ ብዬ ነው። ሰርጉ ላይ አልኖርም።»

«በልጄ ሰርግ።»

«በልጅሽ ሰርግ።»

«ያን ክረምት ረሳሽው ማለት ነው።»

«እስክሞት አልረሳውም። ነገር ግን እታለም፣ ያኔ ቤትሽን ስትሰጪኝ በሩን ከውጭ ቆልፈሽ አልነበረም የሰጠሽኝ።»

«ሊዲያ አልበሙን ባየች ቁጥር አንቺ እንዳልነበርሽ ታያለች» አለች እታለም።

«በሃያ አራት ዓመት በአንዱም አልበም ውስጥ የለሁም። ገልጠሽ እዪው።»

ስልኩን ዘጋችው። ትክክል እንደሆንኩ እንዲያረጋግጥልኝ የጠበቅኩት ነገር አልመጣም፤ የመጣው ያ የምድር ቤት መስኮት ነው፣ እስከ እኩሌታው በበረዶ የተሸፈነው፣ እታለም በእጇ ጠርጋ ብርሃን የምታስገባልኝ። አመመኝ። ሕመሙ ግን ሐሳቤን አላስለወጠኝም፤ ሁለቱን በአንድ ደረት መሸከም እንደሚቻል ያን ጊዜ ገባኝ።

«ምን አለች?» አለች ኣስካለ።

«ዘጋችው።»

«እኛስ?»

ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ተቀመጥኩ። ላጲሱን አንሥቼ ከገደሉ ሥር ያሰመርኩበትን ቦታ አጠፋሁና፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል ወዳሳዩን ዳርቻ አዛወርኩት። ቦታውን ቀየርኩ፤ ከጎኑ የተጻፈውን ቀን ግን አልነካሁትም።