የተገለበጠው ፊት

ሬዲዮ ስጠግን ስለኖርኩ ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምናለሁ። የሕንፃችን ነዋሪዎች የኮሚቴ ፀሐፊ ያደረጉኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሰው ሲያወራ አላቋርጥም። ዋናው ሥራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሊቀመንበሩ የሕንፃውን የስልክ ግሩፕ መልእክት ማንበብ ነው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ አባባ ዳኛ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«ሁሉንም አንብብ» ይሉኛል፤ «ነጥቧንም ሳትዘል።»

ስለዚህ ኢሞጂውንም አነባለሁ።

«‹የደረጃውን አምፖል የፈታ ሰው ይመልስ።› ከሥሩ ፈገግ ያለ ቢጫ ፊት።»

«ጥርሱ ይታያል?»

«አይታይም አባባ።»

«እንግዲያው ማን እንደፈታው ያውቃል።»

አንድ ቅዳሜ ግን ማንበቡ ከበደኝ፤ ነገሩ የቤቴ ነገር ነበር። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አብረን ነው የምንኖረው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው የአውቶቡስ ሾፌር ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ ከሰዓት በኋላ ይተኛል። የእሷ ሥራ የሚበዛው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላም መባባል ከተዉ ሦስት ወር አለፈ፤ የሚነጋገሩት በግሩፕ ብቻ ነው፣ አሥራ ሁለት አባወራ እያየ።

«ሾፌሩ» ብዬ ጀመርኩ፤ «‹የስፌት መኪናሽ ትራሴ ላይ ነው የሚሰፋው።› ከሥሩ እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ፊት። ሦስት ነው።»

«እሷስ?»

«አውራ ጣት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አውራ ጣት ብቻ።»

«ወይ ጉድ። ቀጥል።»

«እሱ፤ ‹እኔም መኪና እነዳለሁ፤ የሰው ጣሪያ ላይ ግን አልነዳም።› ከሥሩ የተገለበጠ ፊት።»

«ምን ማለት ነው የተገለበጠ?»

«ግንባሩ ወደ ታች፣ አገጩ ወደ ላይ። ይስቃል።»

እህቴን ያቃጠላት ይኼኛው ነው። «ጋሼ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ፤ «ለስድብ መልስ አላጣም። ፊቱን ገልብጦ ለሚልክ ሰው ምን ይመለሳል?» ክሮቿን በካርቶን ማሸግ ጀምራለች። ሌላ ሰፈር ቤት አግኝታ ቀብድ ልትሰጥ ነው፤ እሁድ ትገባለች። ሾፌሩን ላናግረው ወርጄ ነበር። «ቀልድ መሆኑ እንዲገባት ብዬ እኮ ነው ፊቱን የጨመርኩበት» አለኝ፤ «ባዶውን ቢላክ ቁጣ ይመስላል።» ይህን ስነግራት፣ «ቀልድ ከሆነ ታዲያ እኔ ለምን አልሳቅኩም?» አለች። እኔም ጸለይኩ።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው አባባ ዳኛ በከዘራቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱ። «ይጻፍ። በዚህ ሕንፃ ፊት የላከ ሰው፣ ያንኑ ፊት ለላከለት ሰው በአካል ቀርቦ ያሳያል። ዛሬ በአራት ሰዓት።»

ቅዳሜ የሾፌሩ ዕረፍት ነው፤ በአራት ሰዓት ሸሚዙን ተኩሶ በራችን ላይ ቆመ። አባባ እኛ ቤት መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እህቴ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና ጨርቅ ታጥፋለች፤ ቀናም አላለች። እኔ ስልኩን እንደ ማስረጃ ይዣለሁ።

«የመጀመሪያውን» አሉ አባባ።

ሾፌሩ ለመሳቅ ታገለ።

«ይስቃል?»

«ጥርሱ ታይቷል አባባ። እንባ ግን የለም።»

«ሦስት ጊዜ ነው የላከው።»

ሦስተኛው ላይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፉን የከፈተ ሰው መሰለ። «አባባ፣ ይኼ ነገር እኮ ፊት ለፊት ሲያዩት ያስጠላል» አለ።

«እሷ ስታየው የከረመችው እሱን ነው። አሁን የተገለበጠውን።»

«ሆድ አለብኝ እኮ አባባ፤ እንዴት ብዬ ልገልበጥ?»

«ስትልከው ሆድ አልነበረህም?»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና መኪና ሥር እንደሚገባ ሰው በጀርባው ተንጋለለ፤ እግሩ ኮሪደር ላይ፣ ራሱ ቤት ውስጥ። አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ እህቴን በተገላቢጦሽ ተመለከታት።

«ፈገግ ብሏል?»

«እየሞከረ ነው አባባ... አሁን ተወው።»

«ለምን ተወው?»

«እነዚህ እግሮች ጎማ የላቸውም» አለ ሾፌሩ ከመሬት።

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «የምን እግር?»

«የመኪናሽ። ሁለቱ ባዶ ብረት ናቸው፤ ሴራሚኩ ላይ ነው የሚረግጡት። አልጋዬን የሚያንቀጠቅጠው ይኼ ነው። ቀስ ብለሽ ብትሰፊም ያው ነው።»

«ቀስ ብዬ ነበር የምሰፋው» አለች። «ከጻፍክልኝ ቀን ጀምሮ።»

«አልነገርሽኝም።»

«አውራ ጣት ላክሁልህ አይደል እንዴ? እሺ አልኩህ።»

ሾፌሩ እንደተንጋለለ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። ፊቱ ቀላ፤ ደም ወደ ራሱ ወርዶ ይሁን ሌላ፣ እንጃ። «እኔ ደግሞ ‹ሂድና ተኛ› ያልሽኝ መስሎኝ» አለ።

እህቴ በያዘችው ጨርቅ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ምን ሆነች?» አሉ አባባ።

«እየሳቀች ነው አባባ።»

«እንባስ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ይነሳ።»

ብቻውን መነሳት ስላቃተው አንድ እጁን እኔ፣ አንድ እጁን እሷ ይዘን አነሳነው። ከሰዓት በኋላ አሮጌ የአውቶቡስ ጎማ ቆራርጦ አመጣና ከስፌት መኪናዋ እግሮች ሥር አደረገላት። እሁድ ጠዋት ከጸሎት ስመለስ ካርቶኑ ባዶውን በር ላይ ተቀምጧል፤ ክሮቹ መደርደሪያቸው ላይ ናቸው። ተመስገን አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግሩፑን አንብቤ ስጨርስ አባባ፣ «እህትህና ሾፌሩስ ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ምንም አልጻፉም አባባ።»

«ደግሞ ተኳረፉ?»

በሩን ገርበብ አደረግሁላቸው። እህቴ በደረጃው መደገፊያ ላይ ወደ ታች ጎንበስ ብላ፣ «አሁን ልሰፋ ነው፣ ትሰማለህ?» ትላለች። እሱም ከታች፣ «አልሰማም፣ ምን አልሽ?» ይላል፤ ሲስቅ ግን ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል።