ይቅር ያልኩት ልብሱን ነበር

ግልፍተኛ ነኝ፤ አልክድም። እማዬ «አንቺ እኮ ስትወለጂም ተቆጥተሽ ነው የወጣሽው» ትለኛለች። ወንድም ጋሼ ያደረገብኝን ግን ማንም ቢደረግበት ይቆጣል። እሱ በሥራው መካኒክ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የመዘምራን መሪ። ከሦስት ወር በፊት ልምምድ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «እሜቴ፣ አንቺ ለዛሬ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለኝ። የመዝሙሩን ወረቀት ወንበር ላይ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈስኩለትም።

የተጎዳችው እማዬ ናት። ድሮ እሁድ እሁድ ሦስታችንም አብረን ነበር ምሳ የምንበላው። አሁን ማናችንንም ላለማስቀየም መጀመሪያ እሱ ቤት ትበላለች፤ ከዚያ ደረጃዬን እያቃሰተች ትወጣና እኔ ቤት ትደግማለች። «በናንተ ኩርፊያ ቀሚሴ ጠበበኝ» አለችኝ ባለፈው። ልብስ ሰፊ ነኝና ጎኑን ተርትሬ አሰፋሁላት። ስትለካው ቀስ ብላ «ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት» አለች። እንዳልሰማ ሆንኩ። አንድ ማዕድ ላይ ሳታየን እንዳትሞት እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ እኔም የምፈራው እሱኑ ነው።

ጣጣው፣ ከጠቡ በፊት ለመዘምራኑ አዲስ ልብስ ልሰፋ ቃል ገብቼ ነበር። አሥራ ሁለቱም አካላቸው አልቆ፣ አንገትና ቁልፍ ብቻ ቀርቷቸው ሱቄ ጥግ ተሰቅለዋል። ዓርብ ከሰዓት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «እሜቴ፣ የዚያን ቀን በድያለሁ። ሌላው፣ የእሁዱ ልብስ እንዴት ሆነ?»

ሌላው አለኝ እኮ። የሦስት ወር ቁስሌን በአንድ መስመር ጨርሶ ወደ ጨርቁ። ደሜ ፈላ። አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩለት፦ «ይቅር።»

ልብሱ ይቅር ማለቴ ነበር። በአሮጌው ይዘምሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፣ በወንድሜ ላይ ያለኝን ንዴት በልብሱ ተወጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስደርስ በሩ ላይ ቆሟል። መጥቶ አቀፈኝ። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ትከሻዬ ላይ አለቀሰ።

«ይቅር ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለኝ። «ሦስት ወር ሙሉ አባታችን ሆይ ስንል፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ጋ ስደርስ እኔም አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው።»

ምን ይዋጠኝ? እኔ እኮ ልብሱን ነው ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አንጀቴን በላኝ።

«ልብሱስ?» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ።

«ዛሬ ያልቃል» አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ስንሰፋ ዋልን፤ እኔ አንገቱን፣ እሱ ቁልፉን። ጣቶቹ ለብሎን እንጂ ለመርፌ አልተፈጠሩም። ሦስተኛውን ልብስ ከገዛ ሱሪው ጋር ሰፍቶት ሊነሳ ሲል ልብሱም ተከትሎት ተነሳ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እንደዚያ ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር፤ ለካ ናፍቆኝ ኖሯል።

የመጨረሻው ልብስ ላይ ስንደርስ ግን ሆዴ አልችል አለ። «ወንድም ጋሼ፣ ያን ይቅር ያልኩህን... እኔ ልብሱን ነበር።»

መርፌውን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት አወቅክ?»

«አማርኛም እችላለሁ፣ ጸባይሽንም አውቃለሁ። ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል። እኔ የሚያስፈልገኝን ወሰድኩ።»

«እንባውስ ታዲያ?»

«እንባው የእውነት ነው። ባታስገቢኝስ ብዬ ፈርቼ ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «አሁንስ? የትኛውን ነው ይቅር የምትይው?»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ልብሱን አጠፍኩት። «ልብሱማ አለቀ» አልኩት። «እንግዲህ የቀረው ሌላው ነው።»

ስልኬን አንስቼ እማዬ ጋ ደወልኩ። ነገ ምሳ እኔ ቤት ነው፣ ወንድም ጋሼም ይመጣል አልኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «በይ እንግዲያው ቀሚሴን መልሰሽ አጥብቢልኝ።»