የጋሽ ዓባይ ቤት ኩርፊያ

«እማዬ፣ ልጅሽ ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለች ሚካል። ልጅሽ የተባለው ወንድሟ ሳዶቅ ግን ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት እንግዶች ወሬያቸውን አቆሙ። እናትየው ወይዘሮ ውብነሽ ደነገጡ። ለንደን ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ባለው በዚህ ቤት እንዲህ በሰው አፍ ሲያናግሩ የኖሩት፣ ከትናንት ወዲያ የተቀበሩት ባለቤታቸው ጋሽ ዓባይ ነበሩ።

ኩርፊያ በዚህ ቤተሰብ እንደ ሰፊ ግንባር በዘር የሚወርድ ነው። የጋሽ ዓባይ አባት ሚስታቸውን አራት ዓመት አኩርፈው ኖረዋል፤ ያውም አንድ አልጋ ላይ እየተኙ። ጋሽ ዓባይም በአንድ ሻንጣ ሰበብ ወንድማቸውን ዘጠኝ ዓመት አኩርፈው ኖሩ፤ ሳይታረቁም ወንድምየው ሞተ። ያኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል ይባላል፤ የእነሱ ግን ለልጅ ልጅም ተርፏል።

ሚካል ያኮረፈችው በአባቷ ትራስ ነው። ጋሽ ዓባይ በየማለዳው በጸጥታ ይቀመጡበት የነበረውን ክብ ትራስ፣ ፓስተሩ ለጸሎት ሊመጡ ነው ሲባል ሳዶቅ አፍሮ ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት ለሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ ሰጠው። ነገ ወደ ማንችስተር ይመለሳል። ዛሬ ካልተነጋገሩ ዝምታው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሚካል ታውቃለች፤ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት።

የዛሬ አራት ዓመት ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን አይቶ «ጭንቀት ይቀንሱ» ሲላቸው፣ ዊልስደን ሰፈር ወዳለው የቡድሂስቶች ማዕከል የወሰደቻቸው እሷ ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲያንሾካሹኩ፣ «ጌታ የሰጠኝን እስትንፋስ ቁጭ ብዬ ብቆጥር ምን ነውር አለው?» ይሉ ነበር። አስተማሪዋ፣ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት፣ አንድ ነገር አስያዘቻቸው፦ ክፉ ልማድ ሲመጣ መታገልም መታዘዝም የለም፤ ተንፍሶ በስሙ መጥራት ብቻ።

ስድስት ወር ሙሉ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጋሽ ዓባይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጊዜ ተነፈሱና፣

«ውብነሽ፣ አኩርፌያለሁ» አሉ።

«በምን?»

«ጨው በዛ ስል ሳቅሽብኝ። ትንሽ ታገሺኝ፣ ይለቀኛል።»

ወይዘሮ ውብነሽ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር የባላቸውን ማኩረፍ ከራሳቸው ከባላቸው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ከግማሽ ሰዓት ያለፈ ኩርፊያ አልታየም፤ ደስ የሚሉ ዓመታት ነበሩ።

አሁን ለቅሶው ላይ ከሚካል ጎን የተቀመጡት ጎረቤት፣ እትዬ ኣድሓነት፣ «ቁርጥ አባቷን!» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማች። እውነታቸውን ነው። ደረቷ ላይ የተቀመጠውን ነገር አየችው፤ የአያቷም፣ የአባቷም ነው። አልገፋችውም። አንዴ ተነፈሰች፣ ደገመች። በሦስተኛው ላይ፣

«ሳዶቅ፣ አኩርፌሃለሁ» አለች።

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ ሚካልዬ። ሰው ምን ይላል ብዬ ደንግጬ ፓኒክ አደረግኩ። ሾፑ ጋ ደውዬ ነበር፤ ተሸጧል አሉኝ። አይም ሶሪ።»

«ገና አልለቀቀኝም።»

«እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

ለለቅሶው በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። ወይዘሮ ውብነሽ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እያለቀሱ ሳቁ፤ ሚካልም ሳቀች። ሳዶቅ ግን ሊስቅ አፉን ሲከፍት ለቅሶ አመለጠው። አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ገና ዛሬ ማልቀሱ ነበር። ሚካል የነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበች፤ አገጩን ያዝ አደረገችና የሠላሳ ሁለት ዓመቱን ሰውዬ አፍንጫ ጠረገችለት።