ታየች ልጇን ያሸሸችበት ምርጫ

አቶ ዳኛው ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ በጭነት መኪና ኮላ ድባ ደርሶ፣ የቀረውን መንገድ በበቅሎ ጨርሶ ታላቅ እህቱ ቤት የገባው በ1953 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ በዐቢይ ጾም ነበር። የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ከገባ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለተኛው ምርጫ ስለ ተቃረበ የመረጡትን ሰዎች ሊያነጋግር፣ ስለ ምዝገባው ሊያስረዳ፣ ከፈቀዱለትም እንደገና ሊወዳደር ነው የመጣው።

እህቱ ታየች ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን የያዘችው ከአንድ ልጇ ከክንዱ ጋር ነው። ዳኛው እግሩን ታጥቦ እንደ ተቀመጠ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ እሱ ነበር።

«ክንዱስ?»

«ማክሰኝት ሄዷል፤ በሬ ሊያይ» አለች።

ማምሻውን ጎረቤቱ አያ በላቸው እንኳን ደህና ገባህ ሊለው መጣ። ዳኛው በጨዋታ መሀል ያንኑ ጠየቀው።

«ጭልጋ ወርዷል አሉ፤ ዘመድ ታሞበት» አለ ሽማግሌው።

ታየች ዐይኗን ከእሳቱ ላይ አላነሳችም። አያ በላቸውም የተሳሳተ ነገር መናገሩ ገባውና ጋቢውን አጣፍቶ ወሬውን ወደ መንገዱ ድካም መለሰ። ዳኛው ልጁን ከእሱ እየደበቁት መሆኑን ተረዳ፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልገባውም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቅጥሩ ወጥቶ ጥላ ስር ተቀመጠ። ዳኛው ቆሞ መጀመሪያ ስለ ኮንጎ ተናገረ። ፈረንጆች ይገዙት የነበረ የጥቁር ሕዝብ አገር ነጻ ሲወጣ እርስ በርሱ እንደ ታመሰ፣ የተባበሩት መንግሥታት ማኅበር ጠይቆ የኛም ጦር ሰላም ለማስከበር እንደ ሄደ አስረዳ። ቀጥሎ ወደ ምርጫው ገባ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ለመምረጥ ስሙን ማስመዝገብ አለበት አለ። መዝጋቢው ጸሐፊ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አያ በላቸው ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

«ልጄ ዳኛው፣ ነገርህ ሸጋ ነው። ግን ምነው ጦሩና ምዝገባው አብረው መጡ?»

«አብረው አልመጡም፣ አያ። አብሬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ።»

አንዳንዶች ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ከሴቶቹ በኩል ወለተ ሚካኤል የምትባል ባልቴት፣ «ስማችን ተጽፎ ደግ ነገር ያመጣልንን ዘመን እኔ አላየሁም። ወይ ለዘመቻ ነው፤ ወይ ለግብር» አለች።

«ለምርጫ ብቻ ነው» አለ ዳኛው።

ጸሐፊው ፀሐይ እስክትከርር ድረስ ቢጠብቅም ወደ እሱ የቀረበ ሰው አልነበረም።

ዳኛው ቤት ሲመለስ ታየች ምስር ትለቅማለች። በሩ ላይ እንደ ቆመ ጠየቃት።

«ክንዱን ከኔ ነው ያሸሸሽው?»

«ካንተ አይደለም። ይዘኸው ከመጣኸው ነገር ነው።»

«የእህቴን ልጅ ለጦርነት አሳልፌ የምሰጥ ይመስልሻል?»

«አንተስ አትሰጥም። የላኩህ ሰዎች በልባቸው ያለውን ሁሉ ነግረውሃል?»

ሰፌዱን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው። «ታቦቱ ፊት ቆመህ ማልልኝ። ምዝገባው ለጦርም ለግብርም እንደማይውል ማል። ያን ጊዜ ልጄን እጠራዋለሁ፤ እኔም እጻፋለሁ።»

ዳኛው እምላለሁ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ገበሬ ለኮንጎ እንደማይመለመል ያውቃል፤ በምክር ቤት ሲነገር ሰምቷል። ስለ ግብሩ ግን ማንንም ጠይቆ አያውቅም። «ለምርጫ ብቻ ነው» ያለው፣ መሆን ያለበት እንደዚያ ስለ መሰለው ነበር።

«ጠይቄ ልምጣ» አለ።

«አየህ» አለችው ታየች፤ ሰፌዱንም መልሳ አነሣች።

ሰኞ ማለዳ በቅሎውን ጭኖ ምዝገባውን ወደሚመራው ሹም ሄደ። ሹሙ በአክብሮት ተቀብሎ አስቀመጠው። የጦሩ ነገር ሲነሣ፣ «በፍጹም፤ ወታደርነት በፈቃድ ነው» አለ። ስለ ግብሩ ሲጠየቅ ፈገግ አለ።

«ግብር ሰብሳቢዎቹ የተመዝጋቢዎቹን ስም ግልባጭ ስጡን ብለውኛል። እሺም እምቢም አላልኩም። ምነው፣ እርስዎ ዘንድ የሚደበቅ ሰው አለ?»

ዳኛው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ ክንዱ ትዝ አለው። «ሕጉ ይህን አይፈቅድም» አለ።

«አይከለክልምም። አቶ ዳኛው፣ ይህን ለገበሬው አያውሩ። የፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰዎች ተመዝግበው አልቀዋል። የርስዎዎቹ ከቀሩ ማን ሊመርጥዎት ነው?»

ፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ በዚያ ምርጫ የዳኛው ተቀናቃኝ ናቸው። ዳኛው ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ነገሩን እያወጣ እያወረደ ሄደ። ስለ ጦሩ ያረጋገጠውን ብቻ ተናግሮ ስለ ግብሩ ዝም ቢል ውሸት አይባልም፤ ሰዉም ሳይጻፍ አይቀርም። ቤት ሲደርስ ታየች ፊቱን አየችና ውኃ አቀረበችለት።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ቆመ። «ለኮንጎ አንድም ገበሬ በዚህ ምዝገባ እንደማይወሰድ በዚህ ታቦት እምላለሁ። ስለ ግብሩ ግን አልምልም። ስማችሁን ለግብር የሚፈልጉት ሰዎች አሉ፤ አይሰጣቸውም የሚል ቃል አላገኘሁም። እኔ ብትጻፉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ካልተጻፋችሁ ስለ መሬታችሁ ሌላ ሰው ይናገርላችኋል። ዳሩ ግን አውቃችሁ ግቡበት።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ይህን ንገራቸው ያለህ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም አላለኝም» አለ ዳኛው። ሰውየው ሳያምነው ራሱን ነቀነቀ።

ሳይመሽ ወሬው መንደሩን አዳረሰው። ፊታውራሪው ዳኛውን በእጃቸው አስገብተውታል፤ ደብሩ እንዳይመዘገብ ሊያስፈራራ ነው የመጣው ተባለ። አለዚያማ መመረጥ የሚፈልግ ሰው እንዴት በገዛ አፉ ሰዉን ያሸሻል?

ከተመዘገቡት ጥቂቶች አንዷ ታየች ነበረች። ስሟንና የአባቷን ስም ተናገረች። ጸሐፊው፣ «ዕድሜው የደረሰ ልጅ የለሽም?» አላት።

«አለኝ። እሱ ሲመጣ ለራሱ ይናገር» አለችው። ዳኛው አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ክንዱ በግንቦት፣ ዝናብ ሲጥል ከቆላ ተመለሰና በሬዎቹን ጠመደ። ምዝገባው ያን ጊዜ አልፎ ነበር። ምርጫውን ፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ አሸነፉ። ግልባጩ ለግብር ሰብሳቢዎቹ ይሰጥ አይሰጥ ዳኛው አላወቀም። የዚያ ዓመት ግብር እንደ አምናው ነበር፤ የደብሩ ሰዎች ግን የዳንነው ስላልተጻፍን ነው አሉ።

ዳኛው ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰም። ጎንደር አራዳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ጥብቅና ያዘ። በዓመቱ አያ በላቸው የመሬት ክርክር ይዞ ወደ እሱ መጣ። አቶ ዳኛው ነገሩን አዳምጦ፣ በዚህ በኩል ትረታለህ፣ በዚያ በኩል ግን ልትሸነፍ ትችላለህ አለው። ሽማግሌው አመስግኖ ወጣና በቀጥታ እማዶ ካለው ሌላ ጠበቃ ዘንድ ገብቶ ያንኑ ጠየቀ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። «እሱ ሁሉንም ትረታለህ አለኝ» አለና ተቀመጠ። «ውክልናውን አንተ ያዝ።»