አብሽ ያለ ማር

ሰሚሃ ከኩዌት ወደ ሐይቅ ከተመለሰች ወዲህ ያልበደላት ሰው የለም፤ ችግሩ ሁሉም የሚበድላት በደግነቱ መሆኑ ነው። አንዱ ቤት ስትገባ ስኳሩ ከሥሩ የተኛ ሻይ ይቀርብላታል፣ ሌላው ቤት ለስላሳ ተከፍቶ ይጠብቃታል። እምቢ ስትል «አፈር ስሆን!» ይመጣል። «አፈር ስሆን» ተብላ ተለምና እምቢ ያለች ሴት ስሟ ምን እንደሚሆን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለማንም አይነገርም፤ ይታወቃል።

እሷ ግን መጠጣት አትችልም። ኩዌት ሳለች ውፍረቱ አላራምድ ሲላት፣ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም ብሎ ሲለግም፣ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አስቀንሳለች። የቀረላት አንድ ሙዝ ቢያክል ነው። ሐኪሙ «ትንሽ ትንሽ እያልሽ ተጎንጪ፤ ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ስኳር፣ ማር፣ ጭማቂና ጋዝ ያለው ነገር ይቅርብሽ። ውሃ፣ ስኳር የሌለው ሻይና ቀጭን ሾርባ ይበቃሻል» አላት። ኩዌት ውስጥ ይህ ከባድ አልነበረም። እዚያ ጠጪልኝ ብሎ የሚለምናት ሰው አልነበረም።

ነገሩን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእናቷም ጭምር። እናቷ ራዚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስትበላ የኖረች ሴት ናት። ከኩዌት የተላከላትን የልጇን ፎቶ፣ ያን ሙሉ ጉንጭ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳየች «ሰው ሆነችልኝ» ስትል ከርማለች። ሰው ሆዱን ሊሞላ በሚሰደድበት አገር፣ «እኔ የሞላውን አስቆርጬ መጣሁ» ተብሎ እንዴት ይነገራል? አፈረች። አፍራም ዋሸች።

«ቀዳ አለብኝ» አለች። በረመዳን ያመለጣትን ጾም እየከፈለች መሆኗ ነው። ጾመኛን ማን ጠጪ ይላታል? አላህ ይቅር ይበለኝ እያለች፣ ጥቂት ቀን ሰላም አገኘች። ረፋዱ ላይ «ንፋስ ልቀበል» ብላ በትንሽ ኮዳ ማር ያልገባበት አብሽ ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች። ደንገሉ ጥግ ተቀምጣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳ ሲጎትቱ እያየች፣ እንደ ሌባ ዙሪያዋን ቃኝታ ትጎነጫለች። አብሹ ይመራል፤ ግን አይጎዳትም። አጓትም ቢሆን ይስማማት ነበር፤ አንድ ቀን እናቷን ብትጠይቃት ግን «ጥጃ ነሽ እንዴ? ከዓረብ አገር የመጣች ልጄ አጓት ትጠጣ!» ብላ ተቆጥታታለች።

ደንገሉ ጥግ ስትቀመጥ ብቸኝነቱ ይብስባታል። ባዕድ አገር ሆና የናፈቀችው ይህን ውሃና ይህን ሰው ነበር። አሁን ከሰው መሃል ገብታ ከሰው ትደበቃለች።

የዘነጋችው ነገር ቢኖር ጾመኛን ማስፈጠር አጅር፣ ከአላህ ዘንድ ምንዳ፣ እንዳለው ነው። ወሬው ሲዳረስ ጎረቤቱ ለአጅሩ ተሽቀዳደመ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ አንዷ ቴምር፣ አንዷ ቀይ ሽሮፕ በጆግ ይዛ ትመጣለች። ራዚያማ ከአምባሰል ያስመጣችውን ማር በጥብጣ ብርዝ ታቀርባለች። ሰሚሃ ከንፈሯን አስነክታ ታስቀምጥና፣ እናቷ ለሶላት ስትቆም ጓሮ ወስዳ ትደፋዋለች።

አንድ ቀን ታዲያ ጎረቤታቸው እትዬ ዑምኩልሱም ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ዳር ወርዳ ሰሚሃን በጠራራ ፀሐይ ኮዳዋን አፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ለራዚያ ለማድረስ ለእግሯ አልሳሳችም።

«ልጅሽ ጾመኛ አይደለችም» አለቻት። «ወላሂ በዓይኔ ነው ያየኋት። የማትጠጣው ያንቺን ነው።»

ያን ዕለት ማታ ራዚያ አልተቆጣችም። ብትቆጣትማ በቀለላት። አዛኑ ሲሰማ ብርዙን በብርጭቆ ይዛ መጣች፤ ልጇ ፊት ቆማ ጠብታ መዳፏ ላይ አፈሰሰችና ቀመሰች። ይህ ለእንግዳ፣ ለተቀያየሙት ሰው የሚደረግ ነው፤ እንዳይጠራጠር አቅራቢው ይቀምስለታል። እናት ለልጇ አትቀምስም።

«ይኸው፣ ምንም የለበትም» አለች።

«እማ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው ምን እንደነገረሽ አላውቅም። አንድ ነገር ታደርግብኛለች ብለሽ ፈርተሽ እንደሆን፣ ይኸው እኔም ቀመስኩት።»

ሰሚሃ ብርጭቆውን ተቀብላ እስከ አተላው ጨለጠችው።

ብዙም አልቆየ። ልቧ ደረቷን ይደልቅ ጀመር፣ ላብ አጠመቃት፣ ሆዷን ቆረጣት፣ ቤቱ ዞረባት። ራዚያ ራሷን ይዛ «ያረቢ! ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት!» ብላ ጮኸች።

«አልገደልሽኝም… ማሩ ነው፣ እማ። ማር አይችልም ሆዴ» አለቻት ሰሚሃ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። ቀሚሷን ገልጣ ሆዷ ላይ ያሉትን ትናንሽ ጠባሳዎች አሳየቻት።

ራዚያ ጠባሳዎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ሰሚሃ ስድቡን ጠበቀች። የመጣው ግን ጥያቄ ነበር።

«ስትነቂ ማን ነበር አጠገብሽ?»

«ማንም።»

«ውሃ የሚሰጥሽስ?»

«አንዲት ነርስ ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ነካ ነካ አደረገችልኝ። ስሟን አላውቀውም።»

ራዚያ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ለተቆረጠው ሆድ አይደለም፤ ለዚያች ስሟ ላልታወቀች ሴት እጅ።

ሕመሙ በረድ ሲል «አሁን ምን ልስጥሽ?» አለች። ሰሚሃ ኮዳዋን ጠቆመቻት። ራዚያ ከአብሹ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ።

«ይሄን ነው የምትጠጪው?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

በፍንጃል ቀድታ «ቢስሚላህ በይ» ብላ ሰጠቻት። ሰሚሃ ሁለት ጊዜ ተጎንጭታ አስቀመጠች። እናቷ አፏን ከፈተች፤ ያቺ «አፈር ስሆን» ከንፈሯ ላይ ደርሳ ነበር። መልሳ ዋጠቻት፤ ፍንጃሉንም አንስታ ክዳን አደረገችበት።

ሰሚሃ ያን ያህል ስትሸሸው የከረመችውን ቃል ጠበቀችው። ሳይመጣ ሲቀር ሆዷን ባር ባር አላት።